ሞተሩን መጀመሪያ በእጃችሁ አዙሩት

ልጆቼ፣

እንደምን ከረማችሁ። ይህን የምጽፈው ጋራዥ ገብታችሁ እጃችሁ ግራሶ መንካት ለጀመራችሁ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እንደኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታችሁ ዕቃ በማጠብና ሻይ በመላክ የጀመራችሁም አላችሁ። እኔ ጅማ ውስጥ ጋራዥ የገባሁት በ1977 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በብዛት የምናየው የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨርሶ የሚመጣ ፊያትና ላንድሮቨር ነበር። ዛሬ ግቢያችንን የሞሉት ቪትዝና ያሪስ፣ ሱዙኪና ባጃጅ ናቸው።

ከሥራው ሁሉ መርጬ ስለ ታይሚንግ ካቴና፣ ክራንክና ካም የሚባሉትን ሁለት ዘንጎች አስማምቶ ስለሚያዞረው ሰንሰለት፣ ልጽፍላችሁ ነው። ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ስትገጥሙ ብትሳሳቱ ነቅላችሁ ትመልሱታላችሁ። ታይሚንግ ላይ የተሳሳተ ሰው ግን ስህተቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቁልፉን ካዞረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቫልቩ ተጣሟል። እኔ ላይ ደርሶ ስለማውቀው እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ክራንኩ፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ሁለቴ ሲዞር ካሙ፣ የአየርና የጭስ በሮቹን ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ አንዴ ይዞራል። የካሙ ማርሽ ጥርስ የክራንኩን እጥፍ የሆነው ለዚህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሠራ ካሙ 1500 ይዞራል። እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ ከመንገዱ ዞር ማለት አለበት። ሁለቱን የሚያስማማው ያ ካቴና ነው። የካሙ ማርሽ 36 ጥርስ አለው እንበል። አንድ ጥርስ ስትስቱ ካሙ በ10 ዲግሪ ይዛባል፤ በክራንክ ስትቆጥሩት 20 ዲግሪ ነው። በብዙ ሞተር ላይ አንድ ጥርስ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል። ከዚያ ሲያልፍ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

በካቴና ፋንታ በአንዳንድ ሞተር የሚገባው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋ፣ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ተቆርጦለታል። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር የያዘ ሰው 100,000 ሲሞላ ቺንጋ መቀየር እንዳለበት ያውቃል። ካቴና ግን ቀን አልተቆረጠለትም፤ ስለዚህ ይረሳል። ካቴና የሚኖረው በዘይት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። የካቴናው ፒኖችና ቡሾች ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተለጠጠም። ከመቶ በላይ በሆኑ ቀለበቶች ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ስትደማመር ነው ካቴናው የረዘመው።

ጠዋት መኪናው አድሮ ሲነሳ አጠገቡ ቁሙ። ሬዲዮ አስጠፉ። ከሞተሩ የፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበት ክብ) ወገን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ጣሳ ውስጥ ሳንቲም እንደሚንቀጫቀጭ ዓይነት ድምፅ ሰምታችሁ ከጠፋ፣ ቴንሽነሩን፣ በዘይት ግፊት ካቴናውን የሚወጥረውን ዕቃ፣ ጠርጥሩ። ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ካቴናው ልል ሆኖ እየመታ ነው። ይህን ድምፅ ከሰዓት በኋላ አታገኙትም፤ ሞተሩ ሞቋል። ስለዚህ ደንበኛውን «መኪናዋ እኛ ጋ ትደር» በሉት።

ስካነሩ፣ የመኪናውን የስህተት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ ፒ0016 ሲያወጣ ግን ወዲያው ካቴና ይቀየር አትበሉ። ኮዱ የክራንክና የካም ሴንሰር አልተግባቡም ነው የሚለው። ሴንሰሩም፣ ገመዱም፣ የተዘጋ የቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ በዘይት የሚያስተካክለው ክፍል) ዘይት ቫልቭም ሊሆን ይችላል። የሰው ብር ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ። አንድ ሐጂ፣ የቡና ነጋዴ፣ ያሪሳቸውን አመጡልኝ። በየቀኑ አጋሮ ደርሰው ይመለሳሉ። «ነገ ጠዋት ይወስዷታል» አልኳቸው። ማንም አላስገደደኝም፤ ከራሴ አፍ የወጣ ቀጠሮ ነው። ማምሻውን መብራት ሄደ። ረዳቴ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ የእጅ ባትሪ ይዞልኝ መሥራት ቀጠልኩ።

ቴንሽነሩ ሲገጠም ገፊ ዘንጉ ወደ ውስጥ ተጭኖ በፒን ይያዛል። ካቴናው ከገባና ምልክቶቹ ከገጠሙ በኋላ ፒኑ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ ነው ካቴናው የሚወጠረው። የዚያን ዕለቱን ፒን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጬ የሠራሁት ነበር። ቀጭን ነው፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ከብረቱ አይለይም። እኔ ሲሊኮን ለመቀባት ስቸኩል ልጁ ባትሪውን ወደ ቴንሽነሩ አዞረ። «አንተ፣ እዚህ አብራልኝ!» ብዬ ጮህኩበት። መልሶ አበራልኝ። ሽፋኑን ዘጋሁ።

በእጅ ላዙረው አላልኩም። አምሽተናል፤ ምልክቱ እንደገጠመ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ልሉ ካቴና ጥርስ ዘለለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቋ ቋ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይከብደው ባዶውን መዞር ጀመረ። መካኒክ የሆነ ሰው ያንን ባዶ ዙር አይረሳውም። ኮምፕሬሽን፣ የአየሩ መታመቅ፣ የለም ማለት ነው። ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር ራስ) ስናወርደው ከ16ቱ ቫልቮች 4ቱ ተጣመዋል። ሽፋኑን ስከፍት ፒኑ እንደተሰካ ቁጭ ብሏል።

ጠዋት ሐጂ መጡ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፒን ሳልነቅል ዘግቻለሁ። ወጪው በኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያሉኝን ዛሬም እሰማዋለሁ። «እኔ ቡና ስገዛ ሚዛኑን የሚያነበው አንድ ሰው፣ የሚመዘግበው ሌላ ሰው ነው። አንተ ሁለቱንም ለብቻህ ነው የምትሠራው?»

በሦስተኛው ቀን ቴስታታውን በጆንያ ጠቅልለን ሬቲፊካ ለማስነካት (በማሽን ለማስላግ) ከልጁ ጋር በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ወልቂጤ ላይ ሻይ ስንጠጣ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ «ጋሼ፣ ፒኑን እኮ አይቼው ነበር» አለኝ። «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «ይነቅሉታል ብዬ ነው። ደግሞ ጮኹብኝ።» ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የቫልቩን ብር በሁለት ወር ከፍዬ ጨረስኩት። የልጁ ዝምታ ግን እኔ ያስተማርኩት ነገር ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ቦንጋ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ሲደውልልኝ አሁንም ያንን ሻይ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ፒኖች ሁሉ ጫፋቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረባቸው ናቸው። ቀይ ክር ከታየ ሽፋን አይዘጋም። ሽፋን ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ጋራዡ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ ልጅ መጥቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፤ በኋላ ይለምዱታል።

ወደ ሥራው እንመለስ። መጀመሪያ የሞተሩን ኮድ ከብሎኩ ላይ አንብቡ። ስልካችሁ ላይ ያገኛችሁት ቪዲዮ ለዚያ ሞተር መሆኑን አረጋግጡ። ቪዲዮ ጥሩ ነገር ነው፤ እኛ በናንተ ዕድሜ አላገኘነውም። ግን ቪዲዮው ሦስት ሰዓት የፈጀውን ሥራ በአሥር ደቂቃ ያሳያችኋል። የተቆረጠው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውየው ቆሞ ያሰበበት ነው።

ባትሪውን ፍቱ። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ይህን ከናንተ ከወጣቶቹ ነው የተማርኩት። አንደኛውን ፒስቶን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጡ። አራቱንም ካንዴላ ነቅላችሁ የፕላስቲክ ስትሮ በአንደኛው ቀዳዳ አስገቡና ክራንኩን በቡሶላ ቁልፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ስትሮው እየወጣ መጥቶ ሲቆም ጣታችሁ ያውቀዋል። ረጅም ካቻቢቴ አታስገቡ፤ ፒስቶን ይቧጭራል፣ ሊቀረቀርም ይችላል። ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ስለደረሰ ብቻ ግን ትክክል ነው አትበሉ። በአራት ምት ሞተር ፒስቶኑ ሁለቴ ላይ ይደርሳል፤ አንዴ ለማቃጠል፣ አንዴ ጭሱን ለማስወጣት። የካሞቹን ምልክት አይታችሁ ለዩ።

ደብዝዞ የማይታይ ምልክት ካለ በቤንዚን ጠርጋችሁ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉበት። እኔ ዘንድ ነጭ የጥፍር ቀለም ከቁልፎቹ ጋር በአንድ መሳቢያ ነው የሚቀመጠው።

ካቴናው ከወጣ በኋላ ካም ለብቻው ማዞር ካለባችሁ ተጠንቀቁ። ፒስቶኖቹ ላይኛው ጫፍ እያሉ ካም ካዞራችሁ ያለ ስታርተርም በእጃችሁ ቫልቭ ታጣምማላችሁ። መጽሐፉ ለዚያ ሞተር የሚያዘውን ያህል ክራንኩን መልሱት፤ ፒስቶኖቹ ዝቅ ይበሉ።

አዲሱ ካቴና ላይ ቀለም የተቀቡ ቀለበቶች አሉ። በብዙ ባለ ሁለት ካም ሞተር ሁለቱ በካሞቹ ምልክት፣ አንዱ በክራንኩ ምልክት ላይ ይገጥማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚደናገጡበት ነገር አለ። ካቴናውን በትክክል ትገጥማላችሁ፣ ሁለት ዙር ታዞራላችሁ፣ ከዚያ ባለቀለም ቀለበቶቹ ሌላ ቦታ ሄደው ታገኟቸዋላችሁ። ትክክል የተገጠመን ካቴና «ስቷል» ብለው እንደገና ሲፈቱ አይቻለሁ። አልሳተም። ቀለሙ ለመግጠሚያ ብቻ ነው። ክራንኩ ሁለት ዙር ሲዞር ካቴናው ሙሉ ዙሩን ጨርሶ እዚያው ቦታ አይመለስም፤ ቀለሞቹ እንደገና እንዲገጣጠሙ ብዙ ዙር ይፈልጋሉ። በየሁለት ዙሩ መመለስ ያለበት ማርሾቹ ላይ የተቀረጸው ምልክት ነው። እሱ ከተመለሰ ሌላውን ተዉት።

ቴንሽነሩን አዲስ ግጠሙ። ካቴናውን የሚመሩትን ፕላስቲኮች፣ ጋይዶቹንም ቀይሩ። አሮጌ ጋይድ ተሰብሮ ከሆነ ፕላስቲኩ የት እንደሄደ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ኮፓ (የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት) ውስጥ ወርዶ የዘይት ማጣሪያውን አፍ ይዘጋል። ኮፓ ሳታወርዱ ቁርጥራጩን ብትተዉት አዲሱ ካቴናም ዘይት ያጣል። የማርሹን ጥርስ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ወደ አንድ ጎን እንደ መንጠቆ ከጎበጠ ይቀየራል። አሮጌውን ሁሉ በካርቶን አድርጋችሁ ለባለቤቱ አሳዩ። ሲሊኮን በስስ ቀቡ። ብሎን በመጽሐፉ ልክ በቶርክ ሬንች ይጠበቃል፣ በክንድ ግምት አይደለም።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ፒኑ ይነቀላል። ከዚያ ካንዴላዎቹ እንደተነቀሉ፣ ክራንኩን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ከዘጋችሁ በኋላም ድገሙት። ካንዴላ ስለሌለ ኮምፕሬሽን አይታገላችሁም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ጥጥር ብሎ ቢቆምባችሁ የነካው ብረት ነው። አትግፉት። ቧንቧ ሰክታችሁ ጉልበት አትጨምሩበት። ቁልፉን ልቀቁና እንደገና ተመልከቱ። በእጅ የቆመ ሞተር ምንም አልሆነም፤ ትፈቱታላችሁ፣ ታስተካክሉታላችሁ። በስታርተር የተገጨ ግን ቴስታታ ያስወርዳል። ያ ሁለት ዙር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእኔ ላይ ደርሷል።

ደንበኛ «ፍጠን» ሲላችሁ ሰዓት ጨምራችሁ ንገሩት። የሚቆጣ ይቆጣ። ነገ ትደርሳለች ብላችሁ ያላሰባችሁበትን ቃል አትስጡ። ቃሉ በኋላ እጃችሁን ያስቸኩለዋል።

ረዳት የሆናችሁ ደግሞ፣ ያያችሁትን ተናገሩ። «ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ» ለማለት ዲግሪ አይጠይቅም። የምትሠሩለት ሰው ቢጮህባችሁም ተናገሩ፤ ተሳስታችሁ ከሆነም የጠፋው አንድ ደቂቃ ነው። ጋራዥ የከፈታችሁ፣ ረዳት የያዛችሁ ደግሞ ልጁ ሲናገር እጃችሁን አቁሙና ወደሚያሳያችሁ ቦታ እዩ። አንድ ጊዜ ካንጓጠጣችሁት ሁለተኛ አይናገርም።

አንድ ከአደጋ የተረፈ የያሪስ ሞተር አለኝ። ሽፋኑን አውጥቼ፣ ካቴናው እንዲታይ አድርጌ፣ ጋራዡ ጥግ እንጨት ላይ አስቀምጬዋለሁ። አጠገቡ የጅማ በርጩማ አለ፣ ተቀምጣችሁ ትሠሩበታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ያለ የማንም ጋራዥ ልጅ መጥቶ ሊፈታው፣ ሊገጥመው፣ ሊሳሳትበት ይችላል። ክፍያ የለውም። ስታርተሩን አውጥቼዋለሁ፤ በእጅ ብቻ ነው የሚዞረው። ባለ ቀይ ክሩ ፒን መስኮቱ ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ስትጨርሱ እዚያው መልሱት።