ስንት ቀን ይፈጃል ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለት ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ፣ ሆና ሥራ ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ፣ «እትዬ፣ ለትራክ ሾፌሮች ሜዲካል ካርድ ለመስጠት ፈቃዱን ማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል? ገንዘቡስ ደህና ነው?» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ቡናው ሳይፈላ ስኒ ትቆጥራላችሁ። መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስገላበጥ ቆየሁ።

ያልኳትን ለእናንተም ልበልና ይውጣልኝ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ ከስቴት ስቴት የሚመላለስ የንግድ መኪና የሚነዳ ሰው፣ መኪናው 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የዲኦቲን፣ ማለት የፌዴራሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ የጤና ምርመራ አልፎ ሜዲካል ካርድ መያዝ አለበት። ከሜይ 21 ቀን 2014 ወዲህ ደግሞ መመርመር የሚችለው ናሽናል ሬጂስትሪ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ባለሙያ ብቻ ነው። ሐኪም፣ ፒኤ (የሐኪም ረዳት)፣ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ አከርካሪ የሚያሸው ካይሮፕራክተርም ሳይቀር፣ የስቴቱ ሕግ እስከፈቀደለት ድረስ ይችላል። አርኤን፣ ማለት መደበኛ ነርስ፣ ብቻ ከሆናችሁ አይሆንም። መዝገቡ ላይ ገብታችሁ ቁጥር ታወጣላችሁ፣ ሥልጠናውን ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ 120 ጥያቄ ይቀርብላችኋል። የወደቀ 30 ቀን ጠብቆ ይደግማል። ያለፈ 10 ዓመት ይሠራበታል፣ መሃል ላይ፣ በ5ኛው ዓመት፣ የማደሻ ሥልጠና አለ። ገንዘቡ ቤት አይገዛም። አለቀ።

ፈተናውን አትፍሩት። ቁጥሮቹን ማንም ይሸመድዳል፤ በእያንዳንዱ ዓይን 20/40፣ የደም ግፊቱ ከ140/90 በታች ለሆነ የሁለት ዓመት ካርድ፣ ሹክሹክታን ከአምስት ጫማ ርቀት መስማት። ስለ ሹክሹክታው ካነሳሁ፣ አንድ የጎንደር ሰው በእንግሊዝኛ ሹክ ባልኳቸው ቁጥር «ምን?» ይሉኛል። ጆሯቸውን ልጥላቸው ስል እስቲ በአማርኛ ብዬ «ሠላሳ ሁለት» አልኩ። «ሠላሳ ሁለት! ምነው ታዲያ ቅድም እንዲህ አትይም ነበር?» ብለው ሳቁብኝ። ጆሮው ደህና ነበር፤ ምላሴ ነው የወደቀው።

ሥልጠናው ላይ ይህ መዝገብ ለምን እንደተቋቋመ ሲያስተምሩን የኒው ኦርሊንስን አደጋ አነሱልን። በ1999 የእናቶች ቀን፣ ሜይ 9፣ አንድ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ 22 ተሳፋሪዎች ሞቱ። ሾፌሩ ከባድ የልብና የኩላሊት ሕመም ነበረበት፤ ሜዲካል ካርዱ ግን የጸና ነበር። እኔ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ «ይኼን ካርድ የፈረመ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?» ብዬ ፈረድኩ። ያን ያልኩበትን ቀን አልረሳውም።

ፍርዱ ወደ እኔ የዞረው በ2016 ነው፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ፣ አርብ ከሰዓት። የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ከሚመጡልን ሾፌሮች ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። አንድ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ገቡ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ በእጃቸው ትንሽ ሰማያዊ ኩለር። ኩለሩን ወንበሩ ሥር አስቀመጡና በሁለት እግራቸው መሃል ያዙት። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ስንቅ ነው እንዲህ የሚጠበቅ?» ብዬ ቀለድኩ። «ባለቤቴ የሠራችው ቋንጣ ፍርፍር ነው፤ እስከ ቴክሳስ ያደርሰኛል» አሉ። ስቄ አለፍኩት።

ቅጹ ላይ ያለውን የጤና ታሪክ ከላይ እስከ ታች «የለም» ብለው ሞልተውታል፤ ምልክቶቹ በክር የተለኩ ይመስላሉ። ቀለሙን እየለወጠ ውጤት የሚያሳየውን የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፣ ስትሪፑን፣ ነከርኩ። ይኼ የሽንት ምርመራ የዕፅ ምርመራ አይደለም፣ ሾፌሮቹም ጭምር ያምታቱታል፤ የምናየው ፕሮቲን፣ ደም፣ ስኳርና የሽንቱን መወፈር መቅጠን ነው። የስኳሯ ካሬ ስትጀምር ውኃ ሰማያዊ ናት። ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነች፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ ተቆልቶ የወጣ ቡና መሰለች። ጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም መደዳ ጋር ሳስተያያት የመጨረሻው ቤት ላይ አረፈች።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ጠዋት ሻዩ ላይ ስኳር አበዛሁ።»

ጥቁር አንበሳ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ እዚህም ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል። ሻይ ላይ የበዛ ስኳር እንዲህ እንደማያደርግ አውቃለሁ፤ ማወቄን እሳቸውም ያውቃሉ። ዝም ተባባልን። ሳልጠይቃቸው፣ ልጃቸው ኮሌጅ ለመጨረስ ሁለት ዓመት እንደቀራት፣ ትራኩ የራሳቸው ሆኖ ዕዳው እንዳላለቀ፣ ካርዳቸው ሰኞ እንደሚያበቃ ነገሩኝ። ሲጨርሱ «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ፣ እታለም» አሉ።

እታለም ይለኝ የነበረው አጎቴ ነው። ኮምቦልቻ ነበር ቤቱ፣ አሰብ ድረስ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። አመሻሽ ላይ ጡሩንባውን ከሩቅ ስንሰማ ልጆች ተያይዘን ወደ አስፋልቱ እንሮጣለን፤ ካቢናው ውስጥ የናፍጣና የብርቱካን ሽታ ነበር። ሲያልበው፣ ሲያንቀጠቅጠው እንኳ አመመኝ አይልም። «ሾፌር ታመመ ከተባለ መሪው ሌላ ሰው ያገኛል» ይል ነበር። እኚህ ሰው ፊቴ ሲቀመጡ እሱን ነው ያየሁት፤ በሽተኛ አላየሁም።

ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ በእንቅልፌም እነግራችኋለሁ። ጣታቸውን ወግቼ ደማቸውን ማየት፣ ውሳኔውን አቆይቼ ከሐኪማቸው ወረቀት መጠየቅ፤ መመሪያው እስከ 45 ቀን ማቆየት ይፈቅዳል። ሰኞ መቆማቸው ግን አይቀርም፣ ፊት ለፊታቸው «ይቁሙ» ማለት ነው። ግፊታቸው 152/94 ነበር፤ ይኼ በመመሪያው የአንድ ዓመት ካርድ ያሰጣል። መውጫ ቀዳዳ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ከልክዬ አንድ ዓመት ስሰጥ ጥብቅ የሆንኩ መሰለኝ። ስኳሩን ቅጹ ላይ ያየሁትን ያህል ጻፍኩ፣ ሥሩ «ሐኪማቸውን እንዲያዩ ተነግሯቸዋል» ብዬ ጨመርኩ፣ ፈረምኩ። ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

ጥር ላይ በሀይዌይ 81 ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሌላ ሰው አልተነካም፤ የእሳቸው ዳሌ ተሰበረ። ኩለሩ ውስጥ ከፍርፍሩ ጎን ኢንሱሊን ነበር። ለካስ ዓመታት ይወጉ ኖሯል፤ መንገድ ላይ ግን ስኳሬ ወርዶ መሪ ላይ እንዳልወድቅ ብለው ይዘሉታል። ሲዘሉት ስኳሩ ይወጣል፣ ዓይናቸው ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከስቴት ስቴት ለመንዳት ከፌዴራል መንግሥት ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ክፍት ነበር። አፌን ከፍቼ ብጠይቅ ኖሮ ማመልከቻውን አብሬያቸው እሞላ ነበር። ይሉኝታዬ ካርዱን ሰጣቸው፣ መንገዱን ግን ነሳቸው።

ከወር በኋላ ልጃቸው ክሊኒኩ መጣች። የኢንሹራንስ ወረቀት ብላ ነው፣ ግን ለሌላ ነገር እንደመጣች ፊቷ ይናገራል። «አባዬ ሽንት ሰጥቶ ነበር አይደል? ስኳሩን አይተሽው ነበር?» አለችኝ በአማርኛ። የታካሚን ጉዳይ ለሌላ ሰው መናገር እንደማልችል መለስኩላት፣ በእንግሊዝኛ። ሕጉ ልክ ነው፣ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያው ነው መልሴ። ነገር ግን እንደዚያ ቀን ሕግ አስደስቶኝ አያውቅም፤ የሚያሳፍረኝ ይኼ ደስታ ነው። አባቷ በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ በክራንቻ ቆመው፣ «አንቺ ምን ታረጊ፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሀገሬን ሰው አልመረምርም ብዬ ማልኩ። ሁለት ሳምንት ቆየሁበት። የምታውቁትን ሰው አትመርምሩ፣ የዕቁብ ጓደኛ፣ የክርስትና አባት፣ የጎረቤት ባል ሲመጣ ለሌላ መርማሪ ምሩት እላችኋለሁ። እኔ ግን ዛሬም እመረምራቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው ካልተጠየቁ ቅጹን «የለም» እያሉ ሞልተው ነው የሚሄዱት።

እናንተን ይሉኝታ የላችሁም እያልኩ ስንቴ ወቅሻለሁ፤ ለታላቅ አትነሱም፣ እንቢታችሁ እንደ በር ይዘጋል። ለዚህ ሥራ ግን የእናንተ እንቢታ ከእኔ እሺታ ይሻል ነበር። ዓይናችሁ ከኮምፒዩተሩ ስለማይነሳ ደግሞ ኩለሩን በእግሩ የያዘ ሰው አይታያችሁም። ውጤቱን እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኦንላይን ትልካላችሁ፤ ከጁን 23 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ከዚያ ለስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። ይኼ ስክሪኑን ይበልጥ ያስወድዳችኋል።

ኢንሱሊንም ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ሾፌርን በራሱ አያስቀርም። ሐኪሙ ቅጽ 5870ን ይሞላል፣ የሦስት ወር የስኳር ልኬት ይቀርባል፣ ደህና ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ትሰጡታላችሁ። ይኼን ከግፊቱ በፊት፣ ጫማውን ሳያወልቅ እነግረዋለሁ። ስትሪፑንም ብቻዬን አላይም፤ ቀለሙ ሲለወጥ ጎን ለጎን ሆነን እናየዋለን። ከሁሉ በፊት ግን «ኩለሩ ውስጥ ምን አለ?» እላለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ጎረምሳ ግራ ገብቶት ከፍቶ አሳየኝ፤ ሁለት ሬድ ቡልና እናቱ በጎድጓዳ ዕቃ የሰጠችው ሽሮ ነበር፣ ክዳኑ ላይ በፕላስተር «ታህሳስ 3» የሚል ቀን ተለጥፎበታል።