ከኮድ ውጭ ምን ትከፍታላችሁ ላልሽን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። የቆያችሁት ልጆች ከኮድ ውጭ ምን ትወዳላችሁ? ኢንተርኔት ላይ ደጋግማችሁ የምትከፍቱትስ ምንድን ነው?» ብለሻል። ከሥር የተጻፉትን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኛው የኮርስ ዝርዝር ነው። ኮርስ አልጠየቀችም እኮ ጎበዝ!

እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ደንበኞቼ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎች፣ አንድ ሁለት ክሊኒኮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገጽ ሳስተካክል እውልና ማታ ራት ከበላሁ በኋላ ላፕቶፑን እንደገና እከፍታለሁ። ሚስቴ «አሁንስ ምን ቀረህ?» ትለኛለች። የቀረኝን ልንገርሽ።

ጣናን ከላይ አያለሁ። «ኮፐርኒከስ ብሮውዘር» የሚባል ገጽ አለ፤ የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሷቸው ምስሎች በነፃ የሚታዩበት። «ሴንቲኔል 2» የተባሉት በየአምስት ቀኑ ገደማ በላያችን ያልፋሉ። የመጀመሪያው የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ስለዚህ ታንኳ አይታይም። የደቅ ደሴት፣ የዘጌ ጫካ፣ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እኔ የገባሁበት ለአንድ ጀልባ አከራይ ገጽ የሐይቁን ምስል ስፈልግ ነው። ምስሉን በአሥር ደቂቃ አገኘሁት። ከገጹ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የወጣሁት።

በክረምት አትድከሚ፣ ደመና ብቻ ነው። መስከረም ላይ ሰማዩ ጠራ ሲል ግን ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ የሚገቡበትን እይ። ቡናማው ውኃ እንደ ምላስ ሐይቁ ውስጥ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ከደጋው ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ፣ አፈሩ በየት በኩል እንደሚገባ ያየሁት ስክሪን ላይ መሆኑ ትንሽ ያሳፍራል።

ከዚያ ቀለሙን መቀየር ተማርኩ። ዕፅዋት ለዓይናችን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አጥብቀው ይመልሱታል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። በዚህ ዓይነቱ ምስል ቅጠል የተባለ ሁሉ ቀይ፣ ሐይቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እምቦጭን ለመፈለግ የሚሆነው ይሄ ነው። እና አንድ ጥቅምት ላይ፣ በምሥራቁ ዳር ረጅም ቀይ ነገር አየሁ። ደነገጥኩ። ስክሪንሹት አንስቼ «እምቦጭ ይሄን ያህል ይዟል» ብዬ ለጠፍኩት። ሰው ተቀባበለው። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

በማግስቱ ወደቡ ላይ የማውቃቸው ጀልባ ነጂ ጋሼ ስልኬን ተቀበሉኝ። «ጉማራ የሚገባው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የፎገራ ሩዝ ነው። ይሄኛው ደግሞ ደንገል። እምቦጩ ይቺ ናት» አሉና በጣታቸው ጫፍ አንዲት ቀጭን መስመር ነኩ። ቀዩ ሁሉ ቅጠል ነው፤ ቅጠል ሁሉ ግን እምቦጭ አይደለም። ልጥፉን አጥፍቼ ማስተካከያ ጻፍኩ። ማስተካከያውን ማንም አልተቀባበለውም፤ ያው ታውቂዋለሽ።

መለያውንም ከሳቸው ነው ያገኘሁት። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፣ ነፋስ ወዲያ ወዲህ ይወስደዋል። ደንገል ካለበት አይነቃነቅም። ሩዝ ደግሞ ሲታጨድ ቀዩ ይጠፋል። ስለዚህ የአንድ ቀን ምስል አይበቃም። በአምስትና በአሥር ቀን የሚራራቁ ሁለት ሦስት ምስሎች አስተያይተሽ፣ ቦታውን የቀየረውን ነው የምትፈልጊው። ጭቃ ላይ ያረፈው እምቦጭ ግን እዚያው ስለሚቀር አሁንም ያሳስተኛል።

ሁለተኛው ሱሴ ፊደል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በሦስተኛው ዕትም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የጻፍሽው በሌላው ሲከፈት ጉድ ነው፣ የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ። ዌይባክ ማሽንን ታውቂው ይሆናል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጥበት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ቢሆንም ገጾቹ ከ1996 ጀምሮ ይገኛሉ። እዚያ ገብቼ የጥንት የአማርኛ ገጾችን እፈልጋለሁ። ፎንቱ ስለሌለ ብዙዎቹ አይነበቡም። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉን እንዳለ በሥዕል አስቀምጦታል፤ ያ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል! በኛ ሥራ ጽሑፍን በሥዕል ማስቀመጥ ነውር ነው። እነሱ ግን ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ይሄ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ዩኒኮድ በድረ ገጽ ላይ በሚቀመጥበት አጻጻፍ፣ ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። አማርኛ የገባበት የስልክ አጭር መልእክት 70 ቁምፊ ላይ ያበቃል፣ የእንግሊዝኛው 160 ይደርሳል። አንድ ደንበኛዬ የማረጋገጫ መልእክቱን በአማርኛ ካልሆነ አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩለት። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ አንዱ መልእክት እንደ ሦስት ተቆጥሯል። አሁን የአማርኛ መልእክት ሳሳጥር የድሮ የፖስታ ቤት ቴሌግራም ጸሐፊ ነው የምመስለው፣ «እንኳን ደህና መጡ» እንኳ ቀርቷል።

የቀን መቁጠሪያውንስ! ብሮውዘር ራሱ የኛን ዘመን እንደሚያውቅ ስንት ዓመት ሳላውቅ ኖርኩ። ብሮውዘር ውስጥ በሚሠራው የኮድ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ «ኢንትል» የሚባለው ክፍል አለ፤ ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ካልሽው ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጽፎ ይሰጥሻል። ይህን ሳላውቅ መቀየሪያውን በእጄ ጻፍኩት። ለአንድ ሆቴል ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምሰጠው በፈረንጆቹ ደንብ፣ ለ4 ሲካፈል ምንም ለማይተርፈው ዓመት ነበር። የኛ ግን 3 የሚተርፈው ነው፣ ዘመነ ሉቃስ። 2015 ጳጉሜ 6 ደረሰ፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ! ገጹ «እንዲህ የሚባል ቀን የለም» እያለ እንግዳ መለሰ። ባለቤቱ ደውለው «የቅስና ትምህርት ሳትማር ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ማን ግባ አለህ?» አሉኝ። ምን እላለሁ?

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ የብራና መጻሕፍት። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ታውቂያለሽ። እኔም ብገባ መጻሕፍቱን አገላብጬ አላይም። ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ነበር። አሜሪካ ሚኔሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ደግሞ ከመላው ኢትዮጵያ የተነሡ ከ9 ሺሕ በላይ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም አሉት። ብዙዎቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። መመዝገብ ብቻ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ግዕዙን እንደልቤ አላነብም። የማየው አቀማመጡን ነው። ሁለት ዓምድ። ሰፊ ኅዳግ። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም። የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ሐረግ፣ ያ የተጠላለፈው ጌጥ። መስመርና መስመር ተራርቀው፣ ፊደሉ እንደልቡ ቁጭ ብሎ። ከዚያ የኔን ገጽ ሳየው ተፋፍጎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፎንቶቻችን ከላቲኑ የበለጠ የመስመር ርቀት ይፈልጋሉ፤ ይህን የነገረኝ ኮርስ የለም። አሁን አማርኛ ገጽ ስሠራ ከማንኛውም ነገር በፊት የመስመሩን ርቀት ወደ ፊደሉ መጠን 1.8 እጥፍ ከፍ አደርጋለሁ። ደንበኛ «ባዶ ቦታ በዛ» ካለኝ የብራናውን ፎቶ አሳየዋለሁ። እስካሁን ከብራና ጋር የተከራከረኝ የለም።

ሌላው ትንንሽ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም ሰው ሊሥልበት በሚችለው ካርታ ላይ የሰፈሬን ቅያሶችና የዘጌን የእግር መንገዶች ሥያለሁ፤ ቅዳሜ ይበላብኛል ግን ደስ ይላል። «ሜርሊን» የሚባል የወፍ መለያ መተግበሪያ አለ፣ ልጄ ከኔ በላይ ትጠቀምበታለች። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ያቆየኝ ደግሞ «ኪዊክስ» ነው። ዊኪፔዲያን አስቀድመሽ ታወርጂውና ያለ መስመር ታነቢዋለሽ። «ዴቭዶክስ»ም እንዲሁ ነው፣ የኮድ መመሪያዎቹን ላፕቶፕሽ ላይ ያስቀምጥልሻል። ሁለቱን ዛሬውኑ አውርጂ፣ መስመር ሳለ።

የተሸለሙ ዲዛይኖች የሚደረደሩባቸውን ገጾች ግን ትቻቸዋለሁ። ያምራሉ፣ አልክድም። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ በርካሽ ስልክ ክፈቻቸውና ንገሪኝ። ገጹ ሳይመጣ አንቺ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ፔዳ ትደርሻለሽ።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከሳተላይቱ ጀምሪ። ቦታውን ጣና በይው፣ የደመናውን መጠን ዝቅ አድርጊ፣ ወሩን ኅዳር፣ ቀለሙን ወደ ኢንፍራሬዱ ቀይሪው። በፎገራ በኩል ቀይ ነገር ካየሽ ቶሎ አትለጥፊው። ወደብ ላይ ወርደሽ ጋሼን ፈልጊያቸው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡና እየጠጡ አይጠፉም።