አረንጓዴው ሳጥን ላይ ያለው ዘውድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብሊን ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰፈሬ ያለው የፖስታ ሳጥን አረንጓዴ ነው፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የእንግሊዝ ዘውድ አለበት። አየርላንድ መቼ ነው ነፃ የወጣችው ብዬ ብጠይቅ የሥራ ባልደረቦቼ አንዱ 1922፣ አንዱ 1937፣ ሌላው 1949 አሉኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም አልዋሹህም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ያ ሳጥን ድሮ ቀይ ነበር። አዲሱ መንግሥት በ1922 ሲመጣ ነቅሎ ሌላ ከመትከል አረንጓዴ ቀባው፤ ዘውዱ ከነፊደሉ እዚያው ቀረ። ነፃነቱም ያኔ እንደዚያው ነበር። በዲሴምበር 1921 ለንደን ላይ የተፈረመው ስምምነት አየርላንድን እንደ ካናዳ ዶሚኒየን ነው ያደረጋት። የራሷ ፓርላማና ጦር አላት፤ ግን ንጉሡ በጠቅላይ ገዥ ይወከላል፣ የፓርላማ አባላትም ለንጉሡ ታማኝ እንሆናለን ብለው ይምላሉ። ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ቀረ። ሰዉን ይበልጥ ያፋጀው ግን መሐላው ነው። ስምምነቱ 64 ለ57 ጸደቀ፤ ወራት ሳይቆይ ትናንት አብረው እንግሊዝን የተዋጉት እርስ በርስ ተታኮሱ፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ማይክል ኮሊንስም በገዛ አገሩ ልጆች ጥይት ወደቀ።

መሐላውን አልቀበልም ካሉት ዋናው ኤሞን ደ ቫሌራ ነው። (ጣሊያን እኛን ስትወር ጄኔቫ ላይ ማዕቀቡን የደገፈው ሰውዬ።) 1927 ላይ ፓርላማ ለመግባት ሲወስን ምን አደረገ መሰለህ? መጽሐፍ ቅዱሱን አንስቶ ከክፍሉ ጥግ አኖረ፣ የመሐላውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፈነ፣ ስሙን ፈረመና አልማልኩም አለ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢያደርገው ስንት ሰው በተረፈ!

1932 ሥልጣን ሲይዝ ግን ዘውዱን በየተራ ይሸረሽረው ጀመር። በዓመቱ መሐላውን ሰረዘ። ጠቅላይ ገዥ አድርጎ ያሾመው የገጠር ከተማ ባለሱቅ ነበር፤ ሰውየው ቤተ መንግሥቱን ትቶ ኪራይ ቤት ገባ፣ ሥራውም ፊርማ ብቻ ሆነ። ዲሴምበር 1936 ኤድዋርድ ስምንተኛ ለሚወዳት ሴት ሲል ዙፋኑን ሲለቅ፣ ለንደን ስትተራመስ ደ ቫሌራ ፓርላማውን ጠርቶ ንጉሡን ከሕገ መንግሥቱ አስወጣው። በ1937 ሕዝቡ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ በዓመቱም ፕሬዚዳንት መጣ።

ንጉሡ ግን ጨርሶ አልሄደም። የአየርላንድ አምባሳደሮች የሹመት ደብዳቤ አሁንም በስሙ ነበር የሚወጣው። ፕሬዚዳንትም ንጉሥም ያላት አገር፣ አስበው! ይህን የቆረጠው በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኮስቴሎ ዘመን የወጣው የ1948ቱ ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 18፣ 1949 በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሲሆን፣ ሆን ተብሎ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የ1916ቱ አመፅ የተነሳበት በዓል ተመርጦ ነው።

በወረቀት ከሆነ 1949 በላቸው። እኔን ካልከኝ 1937ን እመርጣለሁ፤ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ የሰጠበት እሱ ነው።