ለልጆቻችሁ “ደመና ቆጥሮ ማን በላ?” አትበሏቸው

አሜሪካ ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። አዲስ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች እኔ በወደቅሁበት ጉድጓድ ሲወድቁ ማየት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ብቆጣም ታገሡኝ።

1. ወረቀት። የትምህርት ማስረጃችሁን ሳትውሉ ሳታድሩ አስገምግሙ። ይኸው ነው።

2. “ለጊዜው ነው” የምትሏት ነገር። አገር ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ታክሲ የያዝኩት እስክቋቋም ብዬ ነበር፤ 22 ዓመት ነዳሁ። ኪራዩ አለ፣ ለእናት የሚላከው አለ፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር በሳይንስ ዘርፍ ዶክትሬት የሚማር አብዛኛው ተማሪ ክፍያው ተሸፍኖለት፣ የኑሮ አበል እየተቀበለ እንደሚማር የሰማሁት ጉልበቴ ካለቀ በኋላ ነው። የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እናንተ ጠይቁ!

3. ልጆቻችሁ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ተሳፋሪ ስጠብቅ የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሹኩሮ ማናቤ መሆናቸውን በሬዲዮ ሰማሁ። የ90 ዓመት አዛውንት፣ ጃፓን የተወለዱ፣ እንደኛ ስደተኛ። ቤት ገብቼ ታሪካቸውን ሳነብ አመሸሁ። አያታቸውም አባታቸውም ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም ሐኪም እንዲሆኑ ነበር የሚጠበቀው። እሳቸው ግን የአየር ጠባይን መረጡ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ውስጥ በዚህ ሙያ ሥራ ማግኘት ከባድ ነበር፤ በ1958 ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ የተባሉ ተመራማሪ ጋብዘዋቸው አሜሪካ መጡ።

“እሳቸው ተጋብዘው፣ እኛ በዲቪ” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ኖቤል አምጡ አላልኳችሁም። የሠሩትን ግን ተመልከቱ። በ1967 ከባልደረባቸው ከሪቻርድ ዌዘራልድ ጋር ሆነው መላውን ዓለም ኮምፒውተር ውስጥ ልክተት አላሉም፤ የዚያ ዘመን ማሽን አይችለውም። 40 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ የተዘረጋ አንድ የአየር ዓምድ ብቻ ወሰዱ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን የምድር ገጽ ሙቀት ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚጨምር ከዚያች ዓምድ አወጡ። ደግሞም የታችኛው አየር ሲሞቅ የላይኛው ይቀዘቅዛል። ለሙቀቱ መጨመር ጥፋተኛዋ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይም ታችም በሞቀ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩና ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቤቴ ገብቶ አባርሬዋለሁ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ በረንዳ ላይ አስቀምጣ የዝናብ ውኃ ታጠራቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ጎኑ ላይ የደመናውን ዓይነት በእርሳስ ትስላለች። “አባዬ፣ ወሎ ክረምቱ ሲዘገይ ምን ሆኖ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። የኔ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ጥያቄዋ የአያቷ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ደክሞኝ “ደመና ቆጥሮ ማን በላ? ፋርማሲ አጥኚ” አልኳት።

ሰማችኝ። ዛሬ ፋርማሲስት ናት፤ ደመወዟ ጥሩ ነው፣ እኔንም ትጦረኛለች። ስለ ሰማይ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አውርታኝ አታውቅም። በየማኅበሩ፣ በየለቅሶ ቤቱ “ልጄ ነርሲንግ ካልገባች” የምትሉ ወላጆች፣ እባካችሁ! ሙያው ክቡር ነው፤ ልጅቷ ከፈለገችው። ካልፈለገችው ግን የምታስገቧት የእናንተ ፍርሃት ውስጥ ነው።

ቤት ስንቀይር ደብተሩን ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ የዝናቡ መጠን የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው።