ስምንት ቢት ኮምፒውተሬን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ በ6502 ፕሮሰሰር የራሴን ስምንት ቢት ኮምፒውተር ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ እየገጠምኩ ነው። ጓደኞቼ ዌብሳይት እየሠሩ ብር ያገኛሉ። አባቴ «ሙዚየም ልትከፍቺ ነው?» ይለኛል። ለሥራ ይጠቅመኛል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። 6502 በ1975 የወጣ ቺፕ ነው። ያኔ በ25 ዶላር መሸጡ ጉድ አሰኝቶ ነበር። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክም ለኩባንያው የመጀመሪያ ኮምፒውተር ለአፕል 1 የመረጠው ርካሽ ስለነበረ ነው። ዛሬ ግን «6502 የምትችል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቂ ጸጉርሽ ይሸብታል። ሲቪ ላይ «ኮምፒውተር ሠርቻለሁ» የምትለዋ መስመር ብቻዋን ሥራ አታስገባም።

ሥራ የሚያስገባሽ አልሠራ ሲልሽ ያደረግሽው ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ መቼም ታውቂዋለሽ። ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ የሚያነብባቸውን ስምንት የዳታ መስመሮች 1110 1010 እንዲነበብባቸው በሬዚስተር ታስሪያለሽ። ለ6502 ይህ «ምንም አትሥራ፣ እለፍ» ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የትም ቢያነብ ያንኑ ስለሚያገኝ አድራሻውን እየጨመረ ይሄዳል፤ የአድራሻ መስመሮቹ ላይ ያሰርሻቸው ኤልኢዲ መብራቶች ሲቆጥሩ ታያለሽ። አሁን ቺፑ ጋለ እንጂ አልቆጠረም እንበል። ክሎኩን (ፕሮሰሰሩን የሚያራምደውን ምት) አየሽ፣ ደህና ነው። ሪሴቱን (ከመጀመሪያ የሚያስነሳውን ምልክት) አየሽ፣ ደህና ነው። ከዚያ ፒን 1ን (የቺፑን አንደኛ እግር) አየሽ። በድሮው 6502 ፒን 1 ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ነው። አሁንም በሚመረተው አዲሱ ዓይነት 6502፣ ደብሊው65ሲ02ኤስ ላይ ግን ያው ፒን ምልክት የሚወጣበት ነው። የድሮ ስዕል ተከትለሽ ግራውንድ ላይ አስረሽው ከሆነ፣ 5 ቮልት ላውጣ የሚለውን ፒን አፉን ይዘሽዋል ማለት ነው።

ይህቺን ነገር ጻፊያት። ምን አየሽ፣ ምን ጠረጠርሽ፣ በምን ለካሽ፣ ምን ሆኖ ተገኘ። በቀን በቀን፣ ከፎቶ ጋር። የሆስፒታል መሣሪያ፣ ኤቲኤም ወይም የፋብሪካ ማሽን የሚጠግን ክፍል ኃላፊ ብሆን፣ ከውጤት ወረቀትሽ በፊት ይህንን ማስታወሻ ነበር የማነበው። እነሱ ዘንድ ስዕሉ የጠፋ ማሽን መክፈት የዕለት ሥራ ነው።

ሲቪሽ ላይም በዝርዝር አስቀምጪው፦ «በ65ሲ02 ኮምፒውተር ነድፌ ገጥሜያለሁ፤ 32 ኪሎባይት ሮም፣ 16 ኪሎባይት ራም፣ የአድራሻ መለያው በአንድ 74ኤችሲ00፤ ፕሮግራሙ በአሴምብሊ» (74ኤችሲ00 ትንሽ የሎጂክ ቺፕ ነው፤ አሴምብሊ ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ትእዛዝ በትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ)። ያልሠራሽውን እንዳትጨምሪ ብቻ፤ ጠያቂው አንድ ጥያቄ ወረድ ሲል ይያዛል። ስለ ስታክ (ፕሮሰሰሩ መመለሻ አድራሻ የሚያስቀምጥበት የራም ክፍል) ቢጠይቁሽ ግን ማን ይችልሻል? የ6502 ስታክ 256 ባይት ብቻ ነው፤ ሞልቶ ሲዞር ፕሮግራምሽን ሲያበላሽ በዓይንሽ አይተሻል ወይም ታያለሽ።

ለነገሩ የ6502 የድሮ ተፎካካሪ ከሆነው ከዚ80 ይልቅ ይህንን መምረጥሽ ደግ ነው። አምራቹ ዛይሎግ ለቆየው ዚ80 ቺፕ ትእዛዝ መቀበል በ2024 አቁሟል። ከኦንላይን የምታዢ ከሆነ ግን ስሙ ተፍቆ ሌላ የታተመበት ቺፕ እንዳይሸጡልሽ።

አሁን ጨከን ልበልብሽ። ኤልሲዲው (ትንሹ ስክሪን) ላይ ጽሑፍ ካወጣሽ በኋላ አቁሚ። ቪዲዮ ልጨምር፣ ድምፅ ልጨምር ማለት ማለቂያ የለውም። ቀጥለሽ ያንኑ ሥራ በሲ ቋንቋ ኤስቲኤም32 ወይም ኢኤስፒ32 በሚባሉት የዛሬ ማይክሮኮንትሮለሮች (በአንድ ቺፕ የተሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ላይ ድገሚው። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው፤ አንቺም ከሥር ምን እንደሚካሄድ ስለምታውቂ ቶሎ ይገባሻል።

የጓደኞችሽን ዌብሳይትም አትናቂው። የትራንስፖርትና የቺፕ መግዣ ካመጣልሽ ቅዳሜን ስጪው። ኢንተርንሺፕ ስታመለክቺ ደግሞ የብልሽት ማስታወሻሽን አንድ ገጽ አሳጥረሽ ከሲቪው ጋር አያይዢ፤ የምትልኪውም ለሰው ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ አድራሻቸውን ካገኘሽ ለቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ጭምር ይሁን።