ሐረር ላለው የ12ኤ ባለቤት፦ ፖርቱን ክፈተው፣ ቶርኖ ቤት ግን አትውሰደው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ሐረር ነኝ፣ 12ኤ የሮታሪ ሞተር ያለው አሮጌ ማዝዳ አርኤክስ-7 አለኝ፣ ሞተሩ ወርዶ ተፈታቷል፣ የአየር መግቢያ ፖርቱን እቤቴ በራሴ ባሰፋው ያዋጣል ወይ? ብሪጅ ፖርትስ ይሻላል? ቦሎ ላይስ ችግር ያመጣል?» ነው ያልከው። ከስሩ የመለሱልህንም አነበብኩ። ግማሹ «ሸጠህ ቪትዝ ግዛ» ይልሃል፣ ግማሹ «አውጥተህ ጣለውና የቶዮታ ሞተር ግጠምበት» ይላል። አቦ ተዋቸው! አንዳቸውም ሮታሪ፣ ማለትም በፒስቶን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሚዞርበት ሞተር፣ ነድተው አያውቁም። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ሞተር በገዛ እጄ ከፍቼ ዛሬም እየነዳሁት ነው። ደንገጎ ዳገት ላይ ያለፍኳቸው ይመስክሩ።

ሮታሪ እንዴት እንደሚሠራ አልነግርህም፤ ፈትተኸው ከሆነ ታውቀዋለህ። በቀጥታ ወደሚጠቅምህ ልግባ።

1. ብሪጅ ፖርትን እርሳው። ከዋናው ፖርት ውጪ ቅንድብ የመሰለ ሁለተኛ ቀዳዳ ይከፈትና በመካከል ቀጭን ድልድይ ይተርፋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። መግቢያው በጣም ቀድሞ ስለሚከፈት ከጭስ መውጫው ጋር አብረው ክፍት ሆነው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ሚኒሞው አይረጋም፣ መኪናው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን እንደ ጉድ ይጠጣል። ለውድድር ነው የተሠራው። አንተ ማደያ ደጃፍ ተሰልፈህ ውለህ ያልደረሰህን ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ የምትገዛ ሰው ነህ። እግረ መንገዴን ልንገርህና፣ የሃይላንዱ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስቶን ያለው ሞተር ትንሽ ይታገሳል፣ የሮታሪ አፔክስ ሲል፣ ማለትም የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ ብረት፣ ግን ወዲያው ነው የሚሰበረው። ሲሉ ሲሰበር ደግሞ ሮተሩንና ሮተሩ የሚዞርበትን ቤት ቧጭሮ ነው የሚወጣው።

2. ስለ አየሩ አስብ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ ድሬ ላይ ከመቶ 13 ያህል ይቀንሳል፣ እናንተ ጋ ወደ 20። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ሐረር ላይ መጀመሪያም አላገኘኸውም ማለት ነው። ካርቡራተሩ ለባሕር ወለል አየር እንደተቃኘ ካለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት የነበረውን ካንዴላ ካልጣልከው አውጥተህ እየው፣ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኘዋለህ። ማርሚታውንም እየው። መውጫው ታፍኖ እያለ መግቢያውን ብታሰፋ ድካም ብቻ ነው የሚተርፍህ። ጭስ መውጫውን ፖርት ግን እራሱን አትንካው፤ የሮተር ቤቱ አሉሚኒየም ሆኖ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው፣ ጠርዙ ላይ ግራይንደር ካስነካኸው ክሮሙ ይላጣል።

ከዚህ ተነስቼ ላንተ የምፈርድልህ ይሄን ነው፤ መሃል ፕሌት (ፕሌት የምለው የሮተር ቤቱን በጎን የሚዘጋውን ብረት ነው) ላይ ያሉትን ሁለቱን ፕራይመሪ ፖርቶች እንዳሉ ተዋቸው። የካርቡራተሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉሮሮዎች የሚመግቧቸው እነሱን ነው፣ ቀስ ብለህ ስትነዳና ዳገት ስትጀምር የምትኖረው በእነሱ ነው። የምትከፍተው የፊተኛውና የኋለኛው ፕሌት ላይ ያሉትን ሴኮንደሪዎች ነው። አራቱንም ዘግይተው እንዲዘጉ ካደረግክ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ላይኛው ዙር ይሸሽና ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ ከአይሱዙ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ስታለቅስ ትገኛለህ። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ሌላ ምክር ይፈልግ፤ እኛ ዳገት ላይ ነው የምንኖረው።

3. መስመሩን ራስህ አስምር፣ ከመስመሩም አትለፍ። ፖርቱ ሦስት ጠርዝ አለው ብለህ ያዝ። የውጪው ጠርዝ መቼ እንደሚከፈት ይወስናል፣ የላይኛው መቼ እንደሚዘጋ፣ የውስጠኛው ደግሞ የሮተሩ የዘይት ቀለበት ከሚዞርበት ጋር የሚዋሰነው ነው። ውስጠኛውን ንካና ቀለበቱ ፖርቱ አፍ ላይ እንዲያልፍ አድርግ፣ ከዚያ በኋላ መኪናህ ዘይት ሲያቃጥልና ሰፈሩን በጭስ ሲያጥን ይኖራል። ወደ ውጪም ብዙ ከሄድክ ኮርነር ሲሉ፣ ማለትም የሮተሩ ማዕዘን ማሸጊያ፣ የሚረግጠው ብረት ያጣል።

አብነት፣ ማለትም ቴምፕሌት፣ አሜሪካ ያሉ የሮታሪ ዕቃ ሻጮች ይሸጣሉ፤ የሚልክልህ ዘመድ ካለህ አስመጣ። ባይኖርህም አሮጌው ፕሌት ራሱ ይነግርሃል። ቅባቱን በቤንዚን አጥበህ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ፊት አዘንብለህ ያዘው። የዘይት ቀለበቱ የዞረበት ቦታ ክብ ሆኖ ይብለጨለጫል፣ ሳይድ ሲሎቹ፣ ማለትም የሮተሩ የጎን ማሸጊያ ብረቶች፣ ያለፉበት ደግሞ ጥፍርህን ብታሻግርበት የምትሰማው ስስ እርከን ይሠራል። እነዚያን ነው ድንበር የምታደርጋቸው። ሰማያዊ ማርከር ቀባበት፣ በሹል ብረት ጫር፣ ከጭረቱ በፊት ቁም።

እኔ ስጨርስ በግራይንደር አልጨረስኩም። አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ ፈረንሳዮቹ ካሠለጠኗቸው እጅ የተማረ፤ ሞረድ ሲይዝ ብታየው ትቀናለህ። የላይኛውን የመዝጊያ ጠርዝ እንዴት አዘንብዬ እንደምሞርደው እሱ ነው ያሳየኝ። ይሄ ዋናው ነገር ስለሆነ ልብ በል። ሳይድ ሲሉ ረጅም ቀጭን ብረት ነው፣ በሰፊ ፖርት ላይ ሲያልፍ መሃሉ ትንሽ ወደ ቀዳዳው ይገባል፣ ሲወጣ የሚገናኘው ከመዝጊያው ጠርዝ ጋር ነው። ጠርዙ ስል ከሆነ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በሞረድ ለዘብ አድርገህ ታዘነብለዋለህ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፤ ጣትህን ስታሳልፍበት ምንም የሚይዝህ ነገር መኖር የለበትም። የፖርቱን ውስጥ ግን መስታወት ላድርገው ብለህ አትድከም። ካርቡራተር ላለው ሞተር ትንሽ ሻካራ ቢሆን አይጎዳም፤ ውበቱን ማንም አያየውም።

4. ፕሌቱን ለማንም አትስጥ። ቁጥር መስጠቴን እዚህ ጋ ላቁም፣ ምክንያቱም ይሄ ምክር ሳይሆን ንዴት ነው።

እኔ ሁለቱንም የጎን ፕሌቶች አስምሬ፣ የፊተኛውን ጨርሼ፣ የኋለኛው ላይ ማኒፎልዱን የሚይዘው አንድ ቡሎን ተሰብሮ ውስጡ ቀርቶ ነበር። እሱን እንዲያወጡልኝ ብቻ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፣ የድሬ ልጅ ከሆንክ ትገምታለህ። «ቡሎኗን ብቻ» አልኩት ሰውየውን፣ ሁለት ጊዜ። በእጄም አሳየሁት። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ሙቀቱ አስፋልቱን የሚያቀልጥ፣ ሰውየውም ጉንጩን ሞልቶ ምርቃናው የደረሰበት። ሂድና በኋላ ና አለኝ፣ ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ቡሎኗ ወጥታለች። ፖርቱም ወጥቷል! ሰማያዊውን መስመሬን አይቶ «ጠባብ መሰለኝ፣ እኔ ሰፋ አድርጌ አሳምሬልሃለሁ» ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ። መስመሬ የለም። ከላይ ያለው ግድግዳ የሚያልቅበት ድረስ ፈልፍሎታል። የስልኬን መብራት በውሃው መተላለፊያ በኩል አስገብቼ ፖርቱ ውስጥ ሳይ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብርሃን ታየችኝ። ፖርቱና የራዲያተሩ ውሃ ተገናኝተዋል። ያ ፕሌት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የበር ማስደገፊያ ነው።

እሱ ምን አለ? «ችግር የለውም፣ በኤሌክትሮድ እንበይደዋለን።» ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ማለትም ካስት አይረን፣ ሳይሞቅ ተበይዶ ቢሰነጠቅስ? ገጹ ቢጣመምስ? ያ ገጽ እኮ ሲሎቹ ቀኑን ሙሉ የሚንሸራተቱበት ነው፣ የቤት መዝጊያ አይደለም። ሌላው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ «በማጣበቂያ ይደፈናል» አለ። ባሕር ማዶ የሚደፍኑ አሉ፣ እውነት ነው። በድሬ ሙቀት፣ ደንገጎን እየወጣህ፣ በማጣበቂያ ላይ ሕይወትህን ታስይዛለህ? እኔ አላስይዝም። ከሁሉም ያቃጠለኝ የቡሎኗን ሒሳብ ሲጠይቀኝ ነው፣ ያውም የ«ማስፋቱን» ጨምሮ። ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ሽማግሌዎች ገቡ፣ «ሥራ ነው፣ ይቅር ተባባሉ» ተባለ። ይቅር ብያለሁ፤ ግን ባልከፍልም ቅር አይለኝም ነበር።

ፕሌት ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ከመርፌ እስከ ፍሪጅ ታገኛለህ፣ የ12ኤ ፕሌት ግን ጠይቀህ ሲስቁብህ ነው የምትወጣው። ዱባይ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋር በስልክ ተገናኘሁ፣ «አለኝ፣ ያው ነው» ብሎ ፎቶ ላከ። ያው አልነበረም። በአንተም ላይ እንዳይደርስ ይሄን ያዝ፤ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሞተሮች የውሃ ጎማው የሚቀመጥበት ቦይ የተቆፈረው አሉሚኒየሙ የሮተር ቤት ላይ ነው፣ ፕሌቱ ለጥ ያለ ነው። ከ1986 ጀምሮ ግን ቦዩ ወደ ፕሌቱ ተዛውሯል። ፎቶው ላይ ፕሌቱን የሚዞር ቦይ ካየህ ላንተ አይሆንም፣ ቦይ ከቦይ ጋር ተገናኝቶ ውሃ አይይዝም። «በፊት ለፊት አንሳልኝ» ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ ጅቡቲ ድረስ የብረት ጭነት ከፍዬ ወረቀት መጫኛ አመጣ ነበር። ትክክለኛውን በመጨረሻ አገኘሁ፤ ዋጋውን አትጠይቀኝ፣ ባለቤቴ ይሄን ገጽ ታነባለች።

አዲሱንም ፕሌት ራሴ አሰመርኩ፣ ራሴ ከፈትኩ፣ አጎቴ ጎን ተቀምጦ። ስትፈጭ የዘይት ቀዳዳዎቹን በሙሉ በጨርቅ ወትፋቸው። የብረቱ ብናኝ የማይገባበት ቦታ የለም፣ እሱ ደግሞ በቀጥታ ዘንጉ ወደሚዞርበት ባሮንዚና ነው የሚሄደው። ስትጨርስ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠብ፣ በኮምፕሬሰር ንፋ፣ እንደገና እጠብ፣ ሲደርቅ ወዲያው ዘይት ቀባው፤ አለዚያ እራትህን በልተህ ስትመለስ ዝጎ ታገኘዋለህ።

ስትገጥም የቧንቧ ውሃ ራዲያተር ውስጥ እንዳታስገባ። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ነው፤ የእናንተም ቢሆን ከሐሰሊሶ ተስቦ ነው የሚመጣላችሁ። የተጣራ ውሃና ኩላንት። ይሄ ሞተር ብረትና አሉሚኒየም ተደራርቦ በረጃጅም ቡሎን የታሰረ ነው፤ አንዴ ከጋለ የውሃ ጎማዎቹ ይሄዳሉ፣ እንደገና ሁሉንም መፍታት ነው። ዘይት የሚረጨውን ትንሿን ፓምፕም «ዘይት ይበላል» ብሎ የሚያስወጣህ መካኒክ ካለ ከጋራዡ ሩጥ። ዘይቱ ለአፔክስ ሲሎቹ ነው የሚሄደው።

ስለ ቦሎ ደግሞ አንድ ነገር፣ ጠይቀሃልና። ፖርት መክፈት ሲሲውን አይቀይረውም፤ 573 በሁለት ሮተር፣ 1146 ነው፣ ሊብሬህ ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል። ችግሩ ከዚያ በፊት ነው። እኔ የሄድኩበት ቢሮ ያለው ወጣት ቅጹን ይዞ «ሲሊንደር ስንት?» አለኝ። የለውም አልኩት። «ሲሊንደር የሌለው ሞተር የለም፣ አትቀልድ» ብሎ ቅጹን ገፍቶ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ኮፈኑን ከፍቼ ላሳይህ ብለው ቀና ብሎም አላየኝ። ከኋላዬ የነበሩት የባጃጅ ልጆች ሳቁ፣ እኔ ደግሞ በዚያ ፀሐይ ወደ ሰልፉ መጨረሻ። በኋላ የማዝዳን የጥገና መጽሐፍ፣ የሞተሩ ሥዕልና ሲሲው ያለበትን ገጽ አትሜ ይዤ ሄድኩ፤ አለቃቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «2 ሮተር» ብለው በእጃቸው ጻፉበት፣ አለቀ። አንተም ያንን ገጽ አትመህ ከሊብሬው ጋር አስቀምጠው። ስለ ፖርት ግን እዚያ ማብራራት እንዳትጀምር፣ «ሞተር ተቀይሯል» ብለው ይጽፉብህና ታልቃለህ።

አሁን የምትልክልኝ የሦስቱንም ፕሌት ፎቶ ነው፣ መሃለኛውን በሁለቱም ገጽ፣ ታጥበው፣ ምንም ሳትነካቸው። ከፖርቱ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጥበት፤ ማስመሪያ የሌለበትን ፎቶ አይቼ አልመልስም።