የጠፈርተኛ አርማ ሱቅ ከሚሸጠው በምን ይለያል?

ወንድሜ፣ «ሙዚየም ውስጥ ያየሁት የጠፈርተኛ የተልዕኮ አርማ ሱቅ ከሚሸጠው በምን ይለያል? ሁለቱም ጥልፍ አይደሉም ወይ?» ብለሃል። የሙዚየም ጨርቃ ጨርቅ በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሁሉም ጥልፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የአፖሎ 1 (የአሜሪካ የጨረቃ ጉዞ ፕሮግራም መንኮራኩር) እሳት ሦስት ጠፈርተኞችን ከገደለ በኋላ ናሳ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር ከመንኮራኩሩ ለማስወጣት ብዙ ለፋ። ስለዚህ በአፖሎ የጠፈር ልብስ ላይ የነበረው አርማ ቤታ በሚባል፣ ከመስታወት ክር በተሠራ ጨርቅ ላይ የታተመ ነው። የክር ጉብታ የለውም። አንድ ሰው ጥልፍ ይዞ መጥቶ «ይሄ ጨረቃ ላይ በተለበሰ ልብስ ላይ ነበር» ካለኝ ወዲያው እጠረጥራለሁ።

አርማው ከጅምሩ የጠፈርተኞቹ የግል ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ በጀሚኒ 5 ሲበሩ መንኮራኩራቸውን ስም ማውጣት ተከለከሉ። እነሱም ሸራ የለበሰ የድሮ ጋሪ ያለበት አርማ አሠሩ። ላዩ ላይ «ስምንት ቀን፣ አለዚያ ውድቀት» የሚል መልእክት ነበረው። የናሳ ኃላፊው ጄምስ ዌብ አርማውን ፈቀደ፤ ጽሑፉ ግን በረራው እስኪያልቅ በጨርቅ ተሸፈነ። ስምንቱ ቀን ባይሞላ ሰው «ወደቁ» እንዳይል ነው። ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ያረፈበት የአፖሎ 11 ሰዎች ደግሞ ስማቸውን ከአርማው ላይ ጭራሽ ተዉት፤ ሥራው የብዙ ሺህ ሰው ነው ብለው። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ለእኛ ግን ዋናው ሥዕሉ አይደለም። ማን ለበሰው? የትኛው ልብስ ላይ ነበር? ጠፈር ወጥቷል ወይስ ለልምምድ ነው? ይህን የሚያስረዳ ደብዳቤ ወይም ፎቶ ከሌለ፣ እውነተኛውም ቢሆን ከሱቁ ለመለየት ያስቸግራል።

አርማ ሲመጣልኝ ቶሎ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። የተተረተረ ስፌት ቀዳዳ፣ የሙጫ ቅሪት፣ ብርሃን ያልነካው ክር። ፊቱ ላይ ሮዝ የመሰለው ቀለም ጀርባው ላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገኛል። እባካችሁ አትጠቡት የምለው ለዚህ ነው። እድፉም ቀዳዳውም ምስክር ነው። ብርሃን ያደበዘዘውን ቀለም ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ሙዚየም ውስጥ ክፍሉ ጨለም ያለብህም ለዚሁ ነው፤ ለጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብዙም አናልፍም።

እጅህ ላይ አንድ ካለ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መሀል ዘርግተህ አስቀምጠው። ሙጫና ላሚኔሽን አይንካው። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሳ። ከማን፣ መቼ፣ እንዴት እንዳገኘኸው ዛሬውኑ በሌላ ወረቀት ጽፈህ አብረህ አኑር። አርማው ጀርባ ላይ ግን እንዳትጽፍ።